የሰው ድካም በማን ስም ይጠራል?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ አእምሮ ሥራ ባለቤትነት ልጽፍልህ ብዕሬን ካነሣሁ በኋላ ነገሬን ከአንድ የካርቦን ወረቀት ብጀምር አይግረምህ። እኔ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ተሂዶ በምትገኘው በሰርቦ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። በ1964 ዓ. ም. የሃያ ዓመት ጐልማሳ ሳለሁ፣ ጅማ ውስጥ ማመልከቻና ውል በጽሕፈት መኪና በሚጻፍበት በአንድ ትንሽ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የሚከፈለኝ በገጽ ቍጥር ስለ ነበረ ጣቴ ፈጣን ነበር፤ የምጽፈውን ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ አላነበውም።

አንድ ቀን ከገጠር ትምህርት ቤት የመጡ፣ የኮታቸው ክርን የተጣፈ አንድ መምህር በጨርቅ የተጠቀለለ ደብተር ይዘው ገቡ። በእጃቸው የጻፉት የቴአትር ድርሰት ነበር። አንድ ቅጂ ብቻ አዘዙኝ። እኔ ግን ከበታቹ ካርቦንና ስስ ወረቀት እያገባሁ ሁለት አደረግሁት። በዚያን ሰዓት «ለምን?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር «ቢጠፋባቸው እንዲተርፍላቸው ብዬ ነው» እል ነበር። ይህ ሐሰት ነው። ዐሥረኛውን ገጽ ካለፍሁ በኋላ ጣቴ ፊደሉን ሲመታ ዐይኔ ታሪኩን ይከተል ነበር፤ ድርሰቱን ወደድሁት፤ የወደድሁትም ነገር የእኔ እንዲሆን ተመኘሁ።

ታሪኩ የሰርቦ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። አንድ ገበሬ ጀንፈል ቡናውን በኬሻ ጭኖ ከትንሽ ልጁ ጋራ ወደ ነጋዴ ቤት ይመጣል። ሚዛን ያዡ ወጣት በየፈረሱላው ላይ ጥቂት ጥቂት ይሰርቀዋል። ገበሬው እያወቀ ዝም ይላል፤ ብድር አለበትና። በመጨረሻ ልጁ ድንገት ያለቅሳል፤ መጋረጃውም ይዘጋል። ደራሲው አንድም ስድብ፣ አንድም ስብከት አላስገቡበትም።

በሚቀጥለው ዓመት በፋሲካ ሰሞን የሰርቦ ወጣቶች ተሰብስበን ለውሃ ጕድጓድ ማስቈፈሪያ ገንዘብ ለማግኘት ቴአትር እናሳይ ተባባልን። እኔም ስሱን ቅጂ አወጣሁ። በፊተኛው ገጽ ላይ የደራሲው ስም አልነበረም፤ ትቼው ነበርና። በምትኩ የራሴን ስም በትልልቅ ፊደል መታሁበት። መግቢያው ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር። ሕዝቡ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቆ ተቀመጠ፤ ቦታ ያጣውም ከአጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። እናቴ ቴአትሩ ሲያልቅ አቅፋ ሳመችኝና «ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው ልጄ?» አለችኝ። እርስዋ ስታደንቀኝ ነው፤ እኔን ግን ጥያቄው ወጋኝ።

ከእናቴ ትከሻ በላይ ቀና ብል እኚያ መምህር ከሦስተኛው ረድፍ ተነሥተው ወደ እኔ ሲመጡ አየሁ። ዕለቱ የገበያ ቀን ስለ ነበረ ለራሳቸው ጕዳይ ወደ ሰርቦ መጥተው ኖሯል። ይጮሁብኛል፣ ያዋርዱኛል ብዬ ጕልበቴ ራደ። እርሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፤ በመጨረሻው ክፍል ሚዛን ያዡ የሚናገራት አንዲት መስመር ጐድላለች። ያለ እርስዋ ልጁ ለምን እንዳለቀሰ ሰው አይገባውም» አሉኝ። ከኪሳቸውም ቍራጭ ወረቀት አውጥተው ጻፉልኝ። ሚዛን ያዡ «እኔም የአባቴ ቡና ሲመዘን እዚሁ ቆሜ አይቻለሁ» ይላል። ኋላ ቅጂዬን ብመለከት፣ በዚያ ገጽ ግርጌ ካርቦኑ ተንሸራትቶ የመጨረሻይቱ መስመር ሳትወጣ ቀርታለች። ሰውየውም ሰላም ብለውኝ ወደ ገበያቸው ሄዱ። ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ለብዙ ዓመት ራሴን ሳጽናና «በዚያ ዘመን ይህን የሚከለክል ሕግ በአገራችን አልነበረም» እል ነበር። ይህ መጽናኛ የፈረሰብኝ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ በአንድ ጠበቃ ዘንድ ጸሐፊ ሆኜ ስገባና የሕግ መጻሕፍትን መግለጥ ስጀምር ነው። ከዚያ ወዲህ ያነበብሁትን ነው አሁን የማካፍልህ።

አባቶቻችን ይህን ነገር ፈጽሞ አላሰቡበትም አይባልም። በብራና መጻሕፍት መጨረሻ፣ መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል ተጽፎ ይገኛል። ግን ልብ በል፤ ግዝቱ የሚጠብቀው ብራናውን ነው እንጂ በብራናው ላይ ያለውን ሐሳብ አይደለም። መጽሐፍ መገልበጥ እንዲያውም ጽድቅ ነበር፤ ብዙ ደራስያንም ስማቸውን ሳይገልጹ አልፈዋል። በቅኔ ቤት ግን ሌላ ነው። ተማሪው በየጊዜው አዲስ ቅኔ መቍጠር አለበት፤ የሌላውን ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ ቢያቀርብ ትልቅ ነውር ነው። በእኛም በጅማ አገር በእስልምና ትምህርት ዘንድ መጽሐፍ በእጅ ይገለበጥ ነበር፤ ነገር ግን ደረሳው መጽሐፉን ለሌላ ለማስተማር ከሸኹ ፈቃድ ይቀበላል፤ ፈቃዱም ኢጃዛ ይባላል፤ ሸኹ ከማን እንደ ተማረ፣ ያም ከማን እንደ ተማረ ስማቸው በሰንሰለት ይጠራል። እንግዲህ በሁለቱም ወገን ቃሉ እንደ ልብ ይሰጥ ነበር፤ ስም ግን አይዘለልም ነበር።

የማተሚያ መኪና ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። አንድ ሰው ዐሥር ዓመት ደክሞ የጻፈውን ሌላው በዐሥር ቀን ሺህ አድርጎ ሊሸጠው ቻለ። ስለዚህ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1710 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር፣ በንግሥት አን ዘመን፣ ለደራሲ መብት የሚሰጥ ሕግ ወጣ። በ1787 ዓ. ም. አሜሪካኖች ሕገ መንግሥታቸውን ሲጽፉ ይህን ነገር ከሕግ አንሥተው ወደ ሕገ መንግሥት አገቡት። ምክር ቤታቸው ለደራስያንና ለፈልሳፊዎች በጽሑፋቸውና በግኝታቸው ላይ ለተወሰነ ጊዜ ብቸኛ መብት እንዲሰጥ ሥልጣን ሰጡት፤ ምክንያቱንም አብረው ጻፉ፤ ዕውቀትና ጠቃሚ ጥበብ እንዲያድግ ነው ብለው። በ1790 ዓ. ም. የወጣው የመጀመሪያ ሕጋቸው ለደራሲ የሰጠው ዐሥራ አራት ዓመት ነው፤ በሕይወት ካለም ሌላ ዐሥራ አራት ይጨመርለት ነበር። ከዚያም በኋላ ጊዜው አልቆ መጽሐፉ የሕዝብ ይሆናል። እንግዲህ ያ ሕገ መንግሥት ባለቤትነቱን ሲሰጥ የሚያበቃበትን ጊዜም እያሰበ ነው። ጀርመኖችም በ1919 ዓ. ም. ባወጡት የዋይማር ሕገ መንግሥት የአእምሮ ሥራና የደራሲ፣ የፈልሳፊ፣ የጥበብ ሰው መብት በመንግሥት ይጠበቃል ብለው ጻፉ።

ወደ አገራችን እንመለስ። የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥታችን ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ. ም. ወጣ፤ 55 አንቀጽ ብቻ ነበረው። ረቂቁን የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1889 ዓ. ም. የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት እንደ አብነት ተመልክተውበታል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ግን እኚሁ ሰው ራሳቸው ደራሲ መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ተብሎ የሚቈጠረው «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜድያ» የእርሳቸው ድርሰት ነው። በአውሬዎች ተመስሎ የቀረበውም ወቀሳ ሹማምንቱን አስቈጣና በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። ታዲያ ይህ የደረሰባቸው ሰው ያረቀቁት ሕገ መንግሥት ስለ ደራሲ መብት አንድ ቃል አልተናገረም። ለሕዝብ ጥቅም በሕግ ካልተወሰነ በቀር ማንም የኢትዮጵያዊን ተንቀሳቃሽ ንብረቱንና መሬቱን አይወስድበትም ይላል፤ የአእምሮ ሥራ ከዚህ ውስጥ ይግባ አይግባ ግን አልገለጸም።

በዚህ ልንወቅሳቸው አይገባም ባይ ነኝ። በዚያ ዘመን የታተመ መጽሐፍ በጣት የሚቈጠር ነበር፤ የሚያነበውም ጥቂት ነበር። የደራሲው ሥጋት ሌባ ሳይሆን ከልካይ ነበር። ደግሞስ ፋቡላ ራሱ ከጥንት ጀምሮ ከአገር አገር ሲዞር ከኖረው ከእንስሳት ተረት የተቀዳ አይደለምን? ላ ፎንቴን ከኤዞፕ ወሰደ፤ ሌሎችም ከላ ፎንቴን ወሰዱ። ተረት የማንም አይደለም ለማለት የሚቀናው ሰው ደራሲ ነው።

የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በጥቅምት ወር 1948 ዓ. ም. ሲወጣ አንቀጾቹ 131 ሆኑ። የንግግርና የኅትመት ነጻነት በሕግ መሠረት የተጠበቀ መሆኑን፣ እያንዳንዱም ሰው በሕግ ወሰን ውስጥ ንብረት የማፍራትና የማስተላለፍ መብት እንዳለው ተናገረ። የአእምሮ ሥራን ግን ለይቶ በስሙ አልጠራውም።

በስሙ የጠራው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ይህ ሕግ በፈረንሳዩ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ ተረቅቆ በ1952 ዓ. ም. ወጣ፤ በሥራ ላይ የዋለውም ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ. ም. ጀምሮ ነው። 3367 አንቀጽ አለው። ጠበቃው ዘንድ ሳለሁ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስለ ውርስ አንድ ቍጥር ፈልግ ተብዬ ስገልጥ፣ ሳላስበው ቍጥር 1647 ላይ ደረስሁ። ከዚያ እስከ 1674 ድረስ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ነው የሚናገረው። የአእምሮን ሥራ የፈጠረ ሰው፣ በመፍጠሩ ብቻ፣ በዚያ ሥራ ላይ ግዙፍነት የሌለው የባለቤትነት መብት አለው ይላል። ማስመዝገብ አልጠየቀም፤ ማኅተም አልጠየቀም፤ ሥራው ታላቅ ይሁን ታናሽም አልመረመረም። በጨርቅ የተጠቀለለ የገጠር መምህር ደብተር ይበቃዋል።

መጽሐፉን ዘግቼ በጣቴ ቈጠርሁ። ሕጉ በሥራ ላይ ከዋለ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር እኔ ካርቦኑን ያገባሁት። «ሕግ አልነበረም» የምለው ሁሉ ከንቱ ሆነ። ሰውየው ሕጉን ያውቁት ኖሮ ይሆን? ቢያውቁትስ ኖሮ ይከሱኝ ነበርን? ይህን እያሰብሁ የውርሱን ቍጥር ሳልፈልግ መሸ፤ ጠበቃውም ተቈጡኝ።

ከአብዮቱ በኋላ በ1979 ዓ. ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የንብረት ነገር ዋና ጕዳዩ ነበር፤ ነገር ግን ክርክሩ የመንግሥት፣ የኅብረት ሥራና የግል በሚለው ክፍፍል ላይ ነበር። እርሱም ዕድሜው አጭር ስለ ሆነ እዚህ ላይ ብዙ አልዘገይም።

አሁን ወዳለው እንምጣ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ. ም. ጸድቆ፣ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ. ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የግል ንብረትን ሲተረጕም ከቀደሙት ሁሉ የተለየ ቃል ተናገረ። ንብረት ማለት በእጅ የሚጨበጠው ብቻ አይደለም፤ ሳይጨበጥ ዋጋ ያለውም ነው አለ። የሚፈራውም በጕልበት ወይም በካፒታል ብቻ ሳይሆን በመፍጠር ችሎታም ነው አለ። በአንቀጽ 51 ደግሞ የፈጠራንና የድርሰትን መብት ማስጠበቅ የፌዴራሉ መንግሥት ሥራ ሆኖ ተቈጠረ፤ በአንቀጽ 55 ሕጉን የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ በአንቀጽ 77 የሚያስፈጽመው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሆነ። አንቀጽ 13 ደግሞ እነዚህ መብቶች የሚተረጐሙት ከዓለም አቀፉ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ጋራ ተስማምተው ነው ይላል። ያ መግለጫ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1948 ዓ. ም. ሲወጣ አገራችን የድጋፍ ድምፅ ሰጥታበታለች፤ በ27ኛው አንቀጹም ማንኛውም ሰው ከሳይንስና ከድርሰት ሥራው የሚገኘው የሞራልና የቍሳቍስ ጥቅም እንዲጠበቅለት መብት ይሰጣል፤ በዚያው አንቀጽ ሕዝብም ሁሉ ከባህልና ከሳይንስ ፍሬ የመካፈል መብት አለው ይላል።

ከዚህ በኋላ አዋጆች ተከታተሉ። ስለ ፈጠራ በ1987 ዓ. ም. አዋጅ ቍጥር 123 ወጣ። በ1995 ዓ. ም. የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። በ1996 ዓ. ም. ስለ ቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቍጥር 410 ወጣ፤ በዚህም መሠረት የደራሲ መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ሃምሳ ዓመት ይቈያል፤ ለወራሾቹም ያልፋል። በ1998 ዓ. ም. የንግድ ምልክት አዋጅ ተከተለ።

እኔ ግን በአንቀጽ 40 ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ቀልቤን የሳበው ሌላ ቃል ነው። ባለቤት ሊሆኑ የሚችሉትን ሲዘረዝር፣ አንድ ሰውና ማኅበር ካለ በኋላ፣ ሕግ በተለየ ሁኔታ ሲፈቅድላቸው ማኅበረሰቦችም እንደሚችሉ ይናገራል። ይህን ስታነብ ምናልባት ዝም ብለህ ታልፈዋለህ። የቡና አገር ሰው ግን አያልፈውም።

የሰርቦ ገበሬ ከዛፉ በታች ሲቆም ስለ ዛፉ የሚያውቀው ነገር ከአባቱ የመጣ ነው፤ የትኛው ጥላ እንደሚስማማው፣ የትኛው ቶሎ እንደሚያፈራ፣ የትኛው በሽታን እንደሚችል። ይህ ዕውቀት የአንድ ሰው አይደለም፤ ደራሲውም አይታወቅም። ታዲያ ሌላ ሰው መጥቶ ዘሩን ሲወስድ ከማን ወሰደ ይባላል?

ነገሩ በምሳሌ ብቻ የሚቀር አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዓ. ም. የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የላካቸው ሊቃውንት ከአገራችን የቡና ደኖችና ማሳዎች ዘር ሰብስበው ሄዱ። ከዘሩም ወደ ብራዚል ደረሰ። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ2004 ዓ. ም.፣ የብራዚል ተመራማሪዎች ከዚያ ዘር ከበቀሉት መካከል ከተፈጥሮው ካፌይን የሌለው ለማለት የሚያስደፍር ቡና ማግኘታቸውን በታላቅ የሳይንስ መጽሔት አስታወቁ። ተመራማሪዎቹ ደክመዋል፤ ድካማቸውን አልነፍጋቸውም። ነገር ግን ዛፉን ለዘመናት ሲጠብቅ የኖረው ሰው በዚያ ታሪክ ውስጥ ስም የለውም።

ከሰርቦ ብዙም ሳንርቅ ሌላ አለ። በ1963 ዓ. ም. የቡና ፍሬ የሚያጠቁር በሽታ አገራችን መግባቱ ሲታወቅ፣ የጅማ የምርምር ጣቢያ ሰዎች በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ ፍለጋ ደን ለደን፣ ማሳ ለማሳ ዞሩ። ካገኙት መካከል 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች ዛሬ በብዙ ሥፍራ ተተክለዋል። 74 የተመረጡበት የፈረንጅ ዓመት ሲሆን ቀሪው የእናት ዛፍዋ ቍጥር ነው። ስንት ገበሬ ከመክሰር እንደ ዳነበት! እኔም ራሴ ከጓሮዬ አለኝ። ቢሆንም ቍጥሩን በጠራሁ ቍጥር፣ ያቺ ዛፍ ሳትቈረጥ ምርምሩ እስኪመጣ ያቈየላት ሰው ማን ኖሯል እላለሁ።

የስምን ዋጋ አገራችን በግልጽ የተማረችው ግን በሲዳሞ፣ በይርጋ ጨፌና በሐረር ቡና ነው። በ1997 ዓ. ም. መንግሥት እነዚህን ሦስት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ጠየቀ። ስታርባክስ የተባለው ታላቅ የቡና ድርጅት አስቀድሞ ሲዳሞ የሚለው ቃል ያለበትን ስም ለማስመዝገብ ጠይቆ ነበር፤ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበርም የእኛን ጥያቄ ተቃወመ፤ እነዚህ የቦታ ስሞች ናቸው፣ የማንም ንብረት ሊሆኑ አይችሉም በማለት። አንዳንድ አዋቂዎችም የቦታ ምልክት በሚባለው ሌላ መንገድ ሂዱ ብለው መከሩ። ለዚያ ግን እያንዳንዱ ኬሻ ከየት እንደ መጣ የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል፤ ቡናችን ደግሞ በብዙ ሺህ ትናንሽ ማሳ ላይ ተበትኖ ይለቀማል። ስለዚህ መንግሥት በያዘው መንገድ ጸና። ክርክሩ በጋዜጣም በአደባባይም ከተሰማ በኋላ በሰኔ ወር 1999 ዓ. ም. ከድርጅቱ ጋራ ስምምነት ተፈረመ። ነጋዴው ለስሙ ገንዘብ አይከፍልም፤ ነገር ግን ስሙ የኢትዮጵያ መሆኑን ዐውቆ በውል ይጠቀምበታል።

ከሦስቱ ስሞች መካከል ጅማ የለም። እዚህ ላይ የአገሬ ልጅነቴ ይነሣብኛልና ታገሠኝ። በዓለም ገበያ የጅማ ስም ለብዙ ዘመን የታወቀው «ጅማ አምስት» በሚባለው ነው፤ ይኸውም በፀሐይ የደረቀ አምስተኛ ደረጃ ቡና ማለት ነው። ጥሩውም መጥፎውም ባንድ ኬሻ እየገባ ስሙ የዝቅተኛ ደረጃ ስም ሆነ። ይህን ሌላ ሰው አልሰረቀንም፤ በደንብ ሳይደርቅ የተሸጠውን ጀንፈል ከታች፣ ጥሩውን ከላይ አድርገን ኬሻውን የሰፋነው እኛው ነን። እኔም በልጅነቴ ኬሻ ሰፍቻለሁ።

የጤፍ ነገር ደግሞ አለ። አንድ የሆላንድ ድርጅት በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ በአውሮፓ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ የጥቅም ክፍፍል ውል ቢፈረምም አገራችን ከዚያ ያገኘችው ኢምንት ነው። በመጨረሻም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ዓ. ም. የሄግ ፍርድ ቤት ይህ ፈጠራ የሚባል አይደለም ብሎ በሆላንድ ያለውን መብት ሻረው። ሕገ መንግሥታችን በዚያ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም፤ አንድ አገር በሕጉ የጻፈው ቃል ከድንበሩ ሲወጣ እንደ እንግዳ ሰው ምስክር ይፈልጋል።

እንግዲህ የእኔን አስተያየት ብትጠይቀኝ፣ አንቀጽ 40 የማይጨበጠውን ንብረት ማለቱ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሁለት ነገር ያንሰዋል። የአሜሪካው መብቱ ለምን እንደሚሰጥና የሚያበቃ መሆኑን ተናገረ፤ የእኛው ይህን ለአዋጅ ተወው። ማኅበረሰቦችንም ጠርቶ ሲያበቃ በራቸውን ሌላ ሕግ እንዲከፍትላቸው አደረገ። በ1998 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 482 በብዝኀ ሕይወት ሀብትና በማኅበረሰብ ዕውቀት ላይ በሩን ጥቂት ከፈተው። ጎረቤታችን ኬንያ ግን በአውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓ. ም. ባወጣችው ሕገ መንግሥት፣ ማኅበረሰቦች ለባህላቸውና ለባህላዊ ቅርሳቸው አጠቃቀም ካሳ ወይም ድርሻ እንዲያገኙ፣ የአገር በቀል ዘርና ባለቤቱም እንዲታወቅ ምክር ቤቱ ሕግ ያውጣ ብላ በግልጽ አዘዘች። ለእኔ ይህ ቃል ይበልጥብኛል፤ ለምክር ቤት ሥልጣን መስጠትና ምክር ቤትን ማዘዝ አንድ አይደለምና።

አንተ ደግሞ በእጅ ስልክህ አንድ ሙሉ መጽሐፍ በአንዲት ቅጽበት በቴሌግራም ለሺህ ሰው ትልካለህ። ካርቦን ወረቀት አያስፈልግህም፤ መስመርም አይጐድልብህም። እንደ እኔ የሚታወቅብህ ነገር የለም ማለት ነው።

የመምህሩን መጨረሻ ልንገርህ። በ1975 ዓ. ም. እንዳረፉ ሰማሁ። በአዋጁ ስሌት ሃምሳው ዓመት የሚያበቃው በ2025 ዓ. ም. ነው። በ2016 ዓ. ም. ይህን ቈጥሬ ዘጠኝ ዓመት ብቻ እንደ ቀረ ሳይ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ሴት ልጃቸው አጋሮ እንደምትኖር አጠያይቄ ስሱን ቅጂ በፖስታ አድርጌ ሄድሁ። በእርስዋ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ፊት ሽማግሌ ሰው እንደ ተማሪ ሲንተባተብ ማየት ደስ አይልም፤ እርስዋ ግን ቡና አፍልታ እስክጨርስ ድረስ አዳመጠችኝ።

«የአባቴ ወረቀት ሁሉ ቤት ስንለቅ ጠፍቷል» አለችኝ። «ቴአትር መጻፋቸውን እናታችን ትነግረን ነበር እንጂ እኛ አላየነውም።»

ወረቀቱን ቀስ ብላ አንድ በአንድ ገለጠችው። በመጨረሻው ክፍል ላይ፣ የጐደለችው መስመር መኖር በነበረባት ሥፍራ፣ እርሳቸው የጻፉልኝን ቍራጭ ወረቀት በስፒል አያይዤው ነበር። የእጃቸውን ጽሕፈት ስታይ ዝም አለች። ከዚያም ወደ ፊተኛው ገጽ ተመልሳ በትልልቅ ፊደል የተመታውን ስሜን አነበበችው። ገጹን ከሌሎቹ ለይታ አወጣችና በሁለት እጇ ይዛ ዘረጋችልኝ።

«አባባ፤ ይቺ የእርስዎ ናት» አለችኝ።